የቦራ ጆሮ

ያን ዕለት ጠዋት ፈረሶቼን በኑግ ዘይት እያሸሁ ነበር፣ ፈረሶቼ ስል የምር ፈረስ እንዳይመስላችሁ፣ በመዳፍ የሚያዙ የወይራ እንጨት ፈረሶች ናቸው፣ አምደወርቅ ከተማ ያለ አያ በሪሁን የሚባል አናጢ ይቀርጻቸዋል፣ እኔ እሰበስባቸዋለሁ። ሰው ጌጥ ይሰበስብ የለ፣ እኔ ደግሞ ፈረስ። የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚሉትን «ርቧችሁ ነው» ነው የምላቸው፣ እመኑኝ፣ ዛሬም አላምንም፣ ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

አያ በሪሁን አመል አለው። የሚቀርጸው የሞተ ፈረስ ብቻ ነው፣ አገር የሚያውቀው ፈረስ ሲሞት መልኩን አንዴ ይቀርጻል፣ አይደግምም። ሰቆጣ ያለች የሆቴል ባለቤት የኔን አምባላይ ፈረስ አይታ ለኔም ድገምልኝ ብላ ብትለምነው፣ «ሴትዮ፣ ስንቴ ይሙትልሽ?» አላት።

እና ያን ጠዋት የሚኒባሱ ረዳት «እማማ፣ ከአያ በሪሁን» ብሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጥቶኝ ሄደ፣ ብፈታው ቦራ! የጎረቤቴ የካሳ ፈረስ፣ የግንባሩን ነጭ በኖራ ቀብቶለታል፣ ውርንጭላ ሳለ ጅብ የቀደደውን ግራ ጆሮውን እንኳ አልተወም። ልቤ ድንግጥ አለ። ቦራ ያ ኃይለኛ ዝናብ የጣለ ዕለት ከግጦሽ ደንብሮ እንደጠፋ ነው፣ ካሳ ገደል ለገደል ሲፈልገው ከርሟል፣ እናቱ መራመድ አትችልም፣ ቤተክርስቲያን የሚያደርሳት ቦራ ነው፣ እግሯ እሱ ነው።

ይቺ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ለአያ በሪሁን ስልክ ደወለችልኝ።

«አያ በሪሁን፣ ቦራ መሞቱን ማን ነገረህ?»

«የምን መሞት ነው እህቴ? ደጃፌ መጥቶ ቆሞልኝ አይደል የቀረጽኩት!»

«ሞቶ ነው የቆመ?»

«እሱን አልጠየቅኩትም» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጨርሼ ቀና ብል የለም፣ ጭቃው ላይ ኮቴ ብፈልግ አጣሁ» አለኝ።

ስልኩ ከመዘጋቱ ካሳ ልጓሙን ይዞ ከች አለ። እንጨቱን በነጠላዬ ሸፈን አደረግኩት።

«እማማ፣ ዛሬስ የሰሙት ነገር አለ?»

«ምን እሰማለሁ ልጄ።»

«እናቴ፣ ሞቶም ከሆነ ንገረኝና ይውጣልኝ ትላለች» አለ፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ እኔ ምን ልበል፣ እንጨት አይቼ ፈረስህ ሞቷል ልበለው?

እሱ ሲሄድ ፈረሱን መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ አጠገቡ ገብስ ያለበት ሰፌድ ነበር፣ ያሰጣሁትን ማሽላ ላስገባ ስወጣ ከኋላዬ ቁርጥም ቁርጥም ይላል። አይጥ ነው ብዬ ብገባ ዝም አለ፣ ፈረሱ ግን ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። የልጅ ልጄን «አንቺ ነሽ?» ብላት ከጓሮ ሆና «ምኑን?» አለችኝ። መልሼ ወደ ግድግዳ አዞርኩት፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ቁርጥም ቁርጥም። ፈራሁ እንዳትሉ፣ ማየት ነው ያማረኝ፣ በበሩ ስንጥቅ ባይ እንጨቱ ንቅንቅ አይልም፣ ገብሱ ግን መሀሉ ጎድጉዷል፣ ገብቼ ብዳስሰው እርጥብ ነው፣ የፈረስ ለሃጭ አጥቼው ነው?

አመሻሽ ላይ መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። ቦራ መጣ! ካሳ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል፣ እናቱ ደጃፏ ተቀምጣ እልል ትላለች፣ እኔም ካለሁበት እልል አልኩ። ቤት ስገባ ግን እንጨቱ ቦራ እንዳለ ነው፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ ጆሮው እንደተቀደደ።

በማግስቱ ካሳ እናቱን ቤተክርስቲያን አድርሶ ሲመለስ ፈረሱ ደጄ ላይ ቆሞ አልሄድም አለ፣ ዓይኑን ወደ ውስጥ፣ ወደ መደቡ ሰክቷል። ካሳ ግራ ጆሮውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና ዙሪያውን አየት አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ «እማማ፣ ለእናቴ እንዳይነግሯት» አለኝ፣ «የቦራ ጆሮ ቅድ ነበር፣ ይሄ ጆሮ ግን ተቀዶ አያውቅም።»