ሐረግን ማን ገደላት?

በማርያም ዕለት ጠዋት ሐረግ በእንጨት ሣጥኗ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ሐረግ የባዮሎጂ መምህርቷ የዝማሬ እባብ ናት፤ ቡናማ፣ መርዝ የሌላት፣ ገና ጨቅላ፣ ሰው ሲጠጋት የምትደበቅ ዓይን አፋር። እውነቱን ለመናገር፣ የሰው ሬሳ ቢሆን ግቢው ይህን ያህል አይታመስም ነበር።

ዝማሬ የተከራያቸውን የአስማረን ፍራሽ ጎትታ ግቢው መሀል ጥላዋለች። «ትናንት መርዝ ገዝቷል! ዛሬውኑ ቤቱን ይልቀቅ!» አራሷ ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ቤት ውስጥ ታለቅሳለች። ባጃጅ ነጂው አስማረ ሲጨንቀው ጎረቤታቸውን ጡረተኛዋን መርማሪ እንኳየሁን ጠርቶ መጣ።

«መርዙስ?» አሉት።

«ያይጥ ነው እትዬ። ይኸው፣ አልከፈትሁትም።»

እሽጉ አልተነካም።

«እባብ ትፈራለህ?»

«ምነው አልፈራ! እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሣጥኑን ግን ነክቼ አላውቅም።»

እንኳየሁ ወደ ዝማሬ ዞሩ። «እንዴት ነበር የምታለማምጃት?»

«የለበስሁትን ሹራብ ሣጥኗ ውስጥ አኖርሁ። ሽታዬን ስትለምድ እጄ ላይ መውጣት ጀመረች። ስትሸሽ አላስገድዳትም፤ እንደበላችም አልነካትም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እራት ላይ ሁልጊዜ አወራላቸዋለሁ፤ አባቴም አስማረም ሰልችቷቸዋል።»

አባቷ መሪጌታ ኪዳነወልድ አሮጌ ጋቢ ደርበው ጥግ ቆመዋል። «በመሪጌታ ቤት እባብ! ድሮም አልወደድሁትም» አሉ። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

እንኳየሁ አፍንጫቸውን ሣጥኑ ውስጥ ከተው አሸተቱ። ከክዳኑ ስንጥር ላይም ነጭ ክር ለቀሙ። ከዚያ ሁሉንም ፍራሹ ዙሪያ ሰበሰቧቸው።

«መርዝ አልበላችም፤ እሽጉ እንዳለ ነው። ቁስልም የለባት። አፏን አየር መግቢያው ላይ ደቅና ነው የሞተችው፤ ያፈናት ሽታ ነው። ሣጥኑ አሁንም ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። ናፍታሊን ደግሞ ብል እንዳይበላው ከክት ልብስ ጋር ነው የሚቀመጥ። ይህ ክር የክት ነጠላ ፈትል ነው። ሊገድላት የመጣ ሰው ክቱን አያለብሳትም። ይህን ያደረገው ሽታውን እንድትለምድለት የፈለገ ሰው ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መሪጌታ፣ ዛሬ ማርያም ናት። ምነው በአሮጌ ጋቢ ማኅሌት ቆሙ?»

መሪጌታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ልጄ እጅ ላይ ስትጠመጠም እያየሁ ቀናሁ። እኔን ትሸሸኛለች። ማታ ነጠላዬን አነጠፍሁላት። የለበስሁትን ልሰጣት አፈርሁ፤ ለእንግዳ ያደፈ ይነጠፋል? ጠዋት ሞታ ሳገኛት አውጥቼ ደበቅሁት።»

«አባዬ» አለች ዝማሬ፤ «እሱን ከነአራሱ ሳስወጣው ቆመው ያዩ ነበር። ምነው ዝም አሉ?»

«መሪጌታ እባብ ሲያባብል ተገኘ እንዳይሉኝ።»

ዝማሬ ራሷም አስማረን ቀና ብላ ማየት አቃታት፤ ፍራሹን የጎተተችው እሷ ናትና። መሪጌታ ጎንበስ ብለው የፍራሹን አንድ ጫፍ አነሱ። ሌላውን ልጃቸው ያዘች።

«ተዉ መሪጌታ፣ ነውር ነው» አለ አስማረ።

«ነውሩንስ ቅድም ሠራነው» አሉ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ግን አባትም ልጅም ደጃፉን መርገጥ አፈሩ። ፍራሹን እንደተሸከሙ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ አራሷ ከውስጥ «ግቡ» እስክትላቸው።