የሹሩቅ ግራ እጅ

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔን አይደለም! እኔ እኮ ያወጣሁት ግራዬን ነው።»

ከመንሱራ ከተማ የመጣው የትምህርት ቤት ገምጋሚ ጣቱ ወደ ክፍሉ ሦስተኛ ረድፍ እንደተቀሰረ ቀረ። የጠየቀው ከባድ ነገር አልነበረም፤ ሰው ከወንዝ ውሃ ይልቅ በባሕር ውሃ ላይ በቀላሉ የሚንሳፈፈው ለምን እንደሆነ ነበር። ልጃገረዶቹ ሁሉ እጃቸውን ሲያወጡ፣ ክንዷ ከትከሻዋ የሚነቀል እስኪመስል የተንጠራራችውን መረጠ። «ይህቺስ ታውቃለች» ብሎ ነው። ሹሩቅ ደግሞ ሰውየው የክፍሉን ደንብ የሚያውቅ መስሏት፣ ተሳስቶ ጠራኝ ብላ በቅንነት አረመችው።

ደንቡ እንዲህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህርቷ ከቀኞቹ ብቻ ትጠራለች። እንግዳውም «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ክፍል ነው!» ብሎ ይሄዳል። የእኛ ዕድሜ ሰዎችም የተማርነው እንዲሁ ነበር። አንዳንዶቻችን ግራችንን እንዳወጣን ትምህርት ቤቱን ጨረስን፤ እስካሁንም አላወረድነውም።

ገምጋሚው ዋጊህም ይህን በልጅነቱ ያውቀዋል። ግን ሰው ገምጋሚ ሲሆን መጀመሪያ የሚረሳው ልጅነቱን ነው መሰለኝ። አሁን ትዝ አለው። ጣቱን ቀስ ብሎ አጠፈና ወደ ጥቁር ሰሌዳው ተመለከተ።

እዚያ የቆመችው የሳይንስ መምህርቷ ሻሂናዝ ነበረች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ዓይናቸው ተጋጨ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ አዩ፤ ወደ ኮቱ ክርን፣ ትናንት እሷ በጨርቅ ስትፈትገው ወደነበረው የቫርኒሽ እድፍ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የገምጋሚዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዶክተር ሸውቂ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሹሩቅ ያለችውን ሰሙ፣ አንድ ነገር ጫር አደረጉ፣ መጸዳጃ ቤቱን ለማየት ሄዱ። እግራቸው ክፍሉን አልረገጠም።

ትናንትናማ ዋጊህ ገምጋሚ አልነበረም። ከኮሚቴ ጓደኞቹ አንድ ቀን ቀድሞ ወደዚህ ወደ ዱምያጥ የገባው፣ እናቱ «እግረ መንገድህን ለእህትህ የመኝታ ቤት ዕቃ ዋጋ ጠይቅልኝ» ስላሉት ነው። ዱምያጥ ገብቶ አልጋ ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው የለም። አገሩን ሁሉ በአልጋ ያንበሸበሸ ከተማ ነው፤ የገዛ ልጆቹን ግን በተሰበረ ዴስክ ላይ አራት አራት አድርጎ ያስቀምጣል። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

እግሩ የጣለው ሐጂ መትወሊ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ሐጂ የአልጋ ራስጌ ላይ ጽጌረዳ እየቀረጹ፣ ቀና ሳይሉ፣

«ሙሽራይቱ የታለች?» አሉት።

«ለእኔ አይደለም አባቴ፤ ለእህቴ ነው።»

«ሁሉም ለእህቴ ነው ይላል። በኋላ መስታወቱ ላይ ቆሞ የሚያበጥረው ራሱ ነው።»

ዋጊህ ሳቅ ብሎ አጠገቡ ያለውን ራስጌ ተደገፈ። ራስጌው ደግሞ ገና ቫርኒሽ መቀባቱ ነበር። የአባቷን ምሳ ይዛ የገባችው ሻሂናዝ እንግዲህ ያገኘችው አልጋ ላይ የተጣበቀ ሰው ነው።

«አባዬ፣ ይሄኛው ከአልጋው ጋር ነው የሚሸጠው?»

በቲነር የራሰ ጨርቅ አምጥታ ክርኑን ፈተገችው። እሱ እጁን ዘርግቶ እንደ ሕፃን ቆመ። ቫርኒሹ ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ አልለቅም አለ። ጨርቁን ያዝ አድርጋ ቀና ስትል ከሚገባው በላይ መቀራረባቸውን ሁለቱም አወቁ፤ ማንም ግን ለመራቅ አልቸኮለም። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በል ቁጭ በል። እዚህ ቤት ሳይበላ ዋጋ የተነገረው ሰው የለም።»

ዳቦ፣ ጨዋማ የዱምያጥ አይብና ቲማቲም ነበር። በሉ። እሷ አይቡን ስትቆርስ ትልቁን ወደ እሱ ገፋች፤ እሱ መልሶ ወደ እሷ ገፋው፤ በመጨረሻ ሐጂ በሉት። ስሟን ጠየቃት፣ ስሙን ጠየቀችው። ስለ ሥራ የጠየቀ ግን የለም። ሰው ደስ እያለው አይብ ሲበላ ስለ ሥራ አያወራም። ሌሊቱን ሻሂናዝ የኮሚቴውን መምጣት ትታ ስለ አንድ ክርን ስታስብ አደረች። ጠዋት ያ ክርን ከነኮቱ በክፍሏ በር ገባ።

ደወሉ ሲደወል ርዕሰ መምህርቷ እትዬ ኢንሺራሕ ሻሂናዝን ቢሯቸው ጠርተው በሩን ዘጉ። ሴትየዋ ለዚህች ቀን ብለው ከአበባ ሻጭ አበባ ከነማሰሮው ተውሰዋል፣ መጋረጃ አሰፍተዋል፣ ሰነፍ የተባሉትን ልጆች «ጉንፋን ይዟችኋል፣ ቤት ዋሉ» ብለው አስቀርተዋል። ሹሩቅን ማስቀረት ነው የረሱት።

«አዋረድሽኝ» አሉ። «ሰውየው ትናንት አባትሽ ዘንድ ምሳ በልቷል አሉ?»

«ማን ነገረዎት?»

«ዱምያጥ ውስጥ ማን ያልነገረኝ አለ? ዳቦና ጨው በመካከላችሁ አለ ማለት ነው። ሂጂና አስታውሺው። ያቺን የግራ እጅ ነገር ይርሳት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኮንትራትሽ የሚታደሰው በማን ፊርማ እንደሆነ መቼም አትረሺም፣ አይደል የኔ ልጅ?»

ሻሂናዝ በወንዙ ዳር የሚኒባስ ተራው ጋ አገኘችው። ሌሎቹ በመንግሥት መኪና ሄደዋል፤ እሱ የእህቱን አልጋ ዋጋ ልጠይቅ ብሎ ቀርቶ ነበር። ሐጂ ቤት ግን ዳግመኛ ለመግባት እግሩ እምቢ ብሎታል።

«እንደምን ዋሉ መምህርት?»

«ትናንት አንቺ ነበርኩ። ዛሬ በምን አደግኩ?»

«ዛሬ ገምጋሚ ነኝ። ገምጋሚ ሁሉንም አንቱ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው እኔ የምፈልገው ገምጋሚውን አይደለም። ያን አልጋ ላይ የተጣበቀውን ጥራልኝ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ከባሕር በኩል የሚመጣው ነፋስ ሻርፗን አንስቶ ፊቷ ላይ ጣለው፤ ሳታወርደው ተናገረች።

«እትዬ ኢንሺራሕ ናቸው የላኩኝ። ዳቦና ጨውን አስታውሺው ብለውኛል። ይኸው አስታወስኩህ፤ አሁን እርሳው። እኔ የመጣሁት ያየኸው ግማሹን ስለሆነ ነው።»

«ግማሹስ የታለ?»

«ልምምዱን የጀመርነው ለእናንተ ነው። እያፈርኩ ነው የጀመርኩት። ግን በሁለተኛው ቀን ምን አየሁ መሰለህ? እጃቸውን አውጥተው የማያውቁ ልጆች አወጡ። ግራቸውን። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ማን እንዳልገባው በምን አውቃለሁ? ያልገባው አንገቱን ደፍቶ ነው ዓመቱን የሚጨርሰው። አሁን አንዴ ቀና ብዬ አያለሁ። ግራው ከበዛ ሰሌዳውን ደምስሼ ደግሜ አስረዳለሁ። አሁንም ከበዛ፣ አሁንም። ሹሩቅ እኮ ከእኛ ጋር ይህን ያህል ጊዜ ስትቆይ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም ነበር። ዛሬ በገምጋሚ ፊት አላውቅም ብላ ጮኸች። አንተ ውርደት ነው ያየኸው። እኔ…» ሻርፗን አወረደች። «እኔ አለቅሳለሁ ብዬ ነው የፈራሁት።»

ዋጊህ ወደ ወንዙ ዞረ።

«ማታለሉ ለእኛ፣ ጥቅሙ ለልጆቹ ሆነ ማለት ነው።»

«ሁለቱንም ጻፍ። አንዱን ብቻ ከጻፍክ፣ የትኛውም ቢሆን ውሸት ነው።»

«ሁለቱንም እጽፋለሁ።»

«መንሱራ! አንድ ሰው!» ይላል የሚኒባሱ ረዳት። ዋጊህ አልተንቀሳቀሰም። እሷ ክርኑን አየችው።

«አልለቀቀም።»

«ምኑ?»

«ቫርኒሹ።»

«እኔም ብዙ አላሸሁትም» አለ፤ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። «ሻሂናዝ፣ ውጤቱ እስኪወጣ መደወል አይፈቀድልኝም። ሲወጣ ግን…»

«መንሱራ! ሙሽራው ይገባል ወይስ ይቀራል?» አለ ረዳቱ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ዋጊህ ገባ። እሷ ሚኒባሱ ድልድዩን እስኪሻገር ቆመች።

ከዚያ ወዲያ የነበረውን እኛ ጎረቤቶቿ እናውቃለን። ሽንኩርት ታሳርራለች፤ ስልኳን ወጥ ቤት ትወስዳለች፤ ማንም ሳይጠራት «አቤት» ትላለች። ምን ሆነሽ ስንላት የፈተና ወረቀት ነው ትላለች። ፈተናውስ ፈተና ነበር።

ውጤቱ ወጣ። ትምህርት ቤቱ በግምገማው ወደቀ። እትዬ ኢንሺራሕ መምህራኑን ሰብስበው በሻሂናዝ ፊት ቆመው አነበቡት። ስለ ዴስኩ፣ ስለ ውሃው ተጽፏል። ስለ ሳይንስ ክፍሉ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ እንግዳን ለማታለል እጅ እንዲያወጡ ሠልጥነዋል ይላል። ሻሂናዝ ሌላውን ግማሽ ጠበቀች። እትዬ ኢንሺራሕ ወረቀቱን አጠፉት።

ኮንትራቷ አልተቋረጠም፤ ከወንዙ ማዶ ወደ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወረ። ዕቃዋን ስትሰበስብ ሹሩቅ በሩን ተደግፋ ታለቅስ ነበር። እኛ ዘንድ ልጆች መምህርታቸውን አብላ ነው የሚሉት።

«አብላ፣ ቀኜን ባወጣ ኖሮ…»

«ቀኝሽን ብታወጪ ኖሮ ያን ጊዜ ነበር የማዝንብሽ» አለቻት፤ አቅፋም ግራ እጇን ሳመቻት።

ዋጊህ ውጤቱ በወጣ ማግስት ደወለ። አላነሳችም። ደጋግሞ ደወለ፤ ስልኩን ትራስ ሥር ከተተችው። ሐጂ መትወሊ ሲሰሙ መሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አይቤን በልቶ!» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም፤ ግን ያን ዕለት የቀረጹት ጽጌረዳ እሾህ በዛበት።

አንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ እሱ ራሱ መጣ። እናቱን ይዟል፤ እናቱ ደግሞ መሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በካርቶን ይዘዋል። መሸበክ ከመንሱራ ወደ ዱምያጥ! ጨው ወደ ባሕር እንደመጫን ነው፤ ጣፋጩ የእኛው ነውና። በረንዳ ላይ ልብስ የምናሰጣ ሁሉ፣ የደረቀውን እንደገና አሰጣን።

ሐጂ ለእናቲቱ ወንበር ሰጡ። ለእሱ አልሰጡም። ሻሂናዝ በጓዳው በር ቆመች፤ ከስታለች።

«ጻፍኩት» አለ ዋጊህ፣ እንደቆመ። «ሁለቱንም፣ እንዳልሽኝ ጻፍኩት። ግን እዚህ ቤት በልቻለሁ። ገምጋሚ ከሚገመግመው ሰው ቤት ሻይ እንኳ መቅመስ የለበትም። አላስችል አለኝና ለዶክተር ሸውቂ ነገርኳቸው። ስለ ክፍልሽ የጻፍኩትን በሙሉ ሰረዙት። የቀረው እሳቸው ከበሩ ላይ ያዩት ብቻ ነው።»

ሐጂ ቀና አሉ። እናቲቱ ካርቶናቸውን አጥብቀው ያዙ።

«ባትነግራቸውስ?» አለች ሻሂናዝ።

«ባልነግራቸው ዛሬ ይህን ደጃፍ የምረግጥበት ፊት አይኖረኝም ነበር።»

«ፊትህን ይዘህ መጣህ። እኔ ግን ልጆቼን ይዤ አልሄድኩም።» «የኔ ብቸኛ ምስክር አንተ ነበርክ። አንድ ቃል ሳታስጠነቅቀኝ፣ ከእትዬ ኢንሺራሕ አፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሰማሁት።»

«ክልክል ነበር።»

«አይብ መብላቱም ክልክል ነበር።»

ኮቱ ያው ኮት ነው፤ እድፉም እዚያው ነበር። እሷ አየችው፤ ከዚያ እንዳላየች ሆነች። እናቲቱ ድፍረታቸውን ሰብስበው የመጡበትን ተናገሩ፤ ልጄ ልጅዎን ይፈልጋል፣ አሉ። ልጄ ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ብለው ጨመሩ።

ሐጂ ወደ ጓዳው በር ዞሩ።

«እሺ ልጄ? ምን ትያለሽ?»

ሻሂናዝ ወደ ዋጊህ አየች፣ ወደ መሬት አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው፣ ግራ እጇን አወጣች።

ሐጂ አልገባቸውም። እናቲቱም አልገባቸውም። ዋጊህ ግን ገባው።

«በአንቺ ክፍል» አለ በቀስታ፣ «ግራውን ያወጣ ምን ይደረጋል?»

«ደግሜ አስረዳዋለሁ።»

«አሁንም ካልገባውስ?»

«አሁንም።» እጇን አላወረደችም።

ዋጊህ ወደ ሐጂ ዞረ። «አባቴ፣ ከፈቀዱልኝ፣ ከመጀመሪያው ደግሜ ላስረዳ።»

ሐጂ መትወሊ ልጃቸውን አዩ፤ በአየር ላይ የቀረችውን እጅ አዩ። በርጩማው ላይ ያለውን የእንጨት ፍቅፋቂ እፍ ብለው አራገፉና በእግራቸው ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

«ቁጭ ብለህ አስረዳ» አሉ። «አይብ ግን የለም።»