ያልተቀመሰው ውሃ

ልጆች፣ ታንጉት የምትባል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ መተማ ዮሐንስ፣ ኾሩ አጠገብ ነው። ኾር በጋ የሚደርቅ፣ ክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው። ከኾሩ ማዶ ገላባት ነው፤ ገላባት ሱዳን ነው።

ታንጉት እልኸኛ ነበረች። አትሳቁ፤ ከእናንተም መካከል ስንቱን እልኸኛ አውቃለሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ ድርቁ ደገኛውን ከቀዬው ያፈናቀለበት ዓመት። በታንጉት ትምህርት ቤት ጓድ ደምለው የሚባል ካድሬ ነበረ። ሥራው ተማሪውን ማንቃት ነው ይላል። ሁዳዴ ሲገባ በዕረፍት ሰዓት ወተት ያለበት ሻይ ያስቀዳና በር ላይ ይቆማል።

"ጠጡ፤ የነቃ ወጣት አይጾምም" ይላል።

ብዙው ፈርቶ ይጠጣል። ታንጉት ግን ብርጭቆውን ትቀበልና ዓይን ዓይኑን እያየች መሬት ላይ ትደፋዋለች። ለዚህም ሽንት ቤት ታጥባለች። በማግስቱ ደግሞ ትደፋለች። እንዲህ ያለች ልጅ ደስ አትልም? እኔን በጣም ደስ ትለኛለች። ግን ቆዩ፣ ገና አልጨረስኩም።

በዚያው ሁዳዴ ከበለሳና ከወሎ የተሰደዱ ሰዎች ኾሩን ተሻግረው ገላባት ዛፍ ሥር ወድቀው ነበር። ተቅማጥ ገባባቸውና ሕፃናቱ ማለቅ ጀመሩ። የባዮሎጂ መምህሩ ገሰሰ ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ለተቅማጥ የሚሆነውን ውሃ አስተምረዋቸዋል። የፈላ ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ስኳር ይገባበታል፣ ጨው በትንሹ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ ያሉት ይህን ነው፦ "ሳትቀምሱ ለማንም አትስጡ። ጨውነቱ ከእንባ ከበለጠ ድፉት።" ታንጉት ይህን በፈተና ጽፋ አንደኛ ወጥታለች።

ጓድ ደምለው በሰልፍ ላይ፣ "ድንበር የተሻገረ ከሃዲ ነው፤ ከሃዲን የሚረዳም ከሃዲ ነው" አለ።

መምህር ገሰሰ ክፍል ገቡና በሩን ዘጉ። "የተማራችሁት ነገር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ማዶ ናቸው" አሉ። "ሐሙስ ገበያ ነው፤ እኔ እሻገራለሁ። ማንንም አላስገድድም።"

መጀመሪያ የተነሣችው ታንጉት ናት። ሌሎችም ተነሡ።

ሐሙስ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅለው ተሻገሩ። ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የተገኘውን ስኳር ከየቤታቸው አምጥተው ለገበያ ከያዙት ሰሊጥ ሥር ደብቀውታል። ማዶ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ አስታማሚ ድስትና ማንኪያ ሰጣቸው፤ የሚያግዘው ሰው አጥቶ ነበርና ሲያያቸው ፊቱ በራ።

ለታንጉት የደረሰቻት እልፍነሽ የምትባል የበለሳ ሴት ናት። ልጇ ሰጠኝ ገና ሕፃን ነው። ያለቅሳል፣ እንባ ግን አይወጣውም። ታንጉት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ተምራለች፤ በሰውነቱ ውስጥ ውሃ አልቋል። ቶሎ ካልጠጣ ይሞታል።

ፈጥና በጠበጠች። የዑስማን ማንኪያ ግን እንደ ትምህርት ቤቱ ማንኪያ ትንሽ አልነበረም፤ ወጥ የሚጨለፍበት ይመስላል። ጨውም በእሱው ሰፈረች።

መምህር ገሰሰ ከወዲያኛው ዛፍ ሥር ሆነው፣ "ታንጉት፣ ቀምሰሽዋል?" አሏት።

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ጾም መፍቻ አልደረሰም። ታንጉት የጓድ ደምለው ሳቅ ታያት። ያን ሁሉ ሻይ ደፍታ፣ ያን ሁሉ ሽንት ቤት አጥባ፣ አሁን በቀትር ልትጠጣ ነው? በዚያ ላይ የክፍሏ ልጆች ያያሉ።

"አዎ፣ ጋሼ" አለች። ዋሸች።

ሰጠኝ ተጎነጨ። ወዲያው አስመለሰው፤ አንገቱም ዘንበል አለ። እልፍነሽ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ቀመሰች።

"ጨው ነው እኮ፣ እኅቴ" አለች። "አልቀመስሽውም?"

"ጾመኛ ነኝ" አለች ታንጉት።

እልፍነሽ አልጮኸችም። "እኔም ጾመኛ ነበርሁ" አለች። "በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው እንኳ መጀመሪያ በመዳፉ አድርጎ ይቀምሳል። ክፉ ነገር ካለበት እኔን ያግኘኝ ብሎ ነው። አንቺ ግን ልጄን አስቀደምሽ።"

ልጆች፣ ታንጉት በዚያች ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። ግን ማፈር ሰጠኝን አያድነውም። ውሃውን ደፋች። ትንሽ ማንኪያ ለመነችና እንደገና በጠበጠች። ስትበጠብጥ ታለቅስ ነበር፤ እንባዋ ከንፈሯ ላይ ወረደና ቀመሰችው። ከዚያ ውሃውን መዳፏ ላይ አንጠብጥባ፣ ጓደኞቿ ሁሉ እያዩ ቀመሰች። ከእንባዋ አይበልጥም ነበር።

"ሹወያ፣ ሹወያ" አላት ዑስማን፤ በትንሽ በትንሹ ማለቱ ነው። በማንኪያ ጠብ ታደርግለታለች፤ ቢያስመልስም ትንሽ ትታገሥና ደግማ ትሰጠዋለች። ጾም መፍቻው ሲደርስ አላስታወሰችውም።

ጥላው ሲረዝም ሰጠኝ ዓይኑን ገልጦ የማያውቃትን ልጅ አየና አለቀሰ። በሁለት ጉንጮቹ እንባ ወረደ። እልፍነሽ እንባውን በእጇ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ያንኑ እጇን ታንጉት ራስ ላይ ጫነችው።

ሲመለሱ ታንጉት፣ "ጋሼ፣ ቀምሻለሁ ያልኩዎት ውሸት ነበር" አለች።

መምህር ገሰሰ ወደ እሷ ዞሩ። "የሚመጣው ሐሙስስ?" አሏት።

"እመጣለሁ። እቀምሳለሁ።"

ኾሩን ሲወጡ ጓድ ደምለው ቆሞ ጠበቃቸው። ወሬ ፈጣን ነው፣ ቀድሟቸው ደርሷል።

"ጓዲት ታንጉት" አለ እየሳቀ፣ "በቀትር ጠጣሽ አሉ። በመጨረሻ ነቃሽ።"

የፈራችው ሳቅ ይኸው መጣ። ታንጉት ግን አንገቷን አልደፋችም።

"ለሕፃን ብዬ ቀመስኩ እንጂ ለእርስዎ ብዬ አልጠጣሁም፣ ጓድ" አለች። "ነገ ሻይዎን እደፋዋለሁ። ሐሙስ ደግሞ ተሻግሬ እቀምሳለሁ።"

በማግስቱ ሻዩን ደፋች። ሽንት ቤቱንም አጠበች፤ በዚህ ጊዜ ግን መምህር ገሰሰም ስለ መሻገራቸው ተቀጥተው መጥረጊያ ይዘው አጠገቧ ነበሩ። እሑድ ለንስሐ አባቷ ውሸቷን ተናዘዘች። ስለ መቅመሷ ስትነግራቸው፣ "እሱን ለንስሐ አታምጪብኝ" አሏት። ሐሙስ ኾሩን ተሻገረች።

እናንተም ይህን ያዙ፦ ጾም የተሰጠን ሰውን እንድንወድ ነውና፣ ጾማችሁን ማንም አያስፈታችሁ፤ ሰው ሊሞት ሲል ግን ራሳችሁን አስቀድማችሁ ቅመሱለት።