የሸጊት አክስል

ሸጊት ጋራዡ በር ላይ እንደ ደረሰች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ጤነኛ ነኝ» አለች።

«ዋሾ!» አሉ ጋሽ ድንቁ ከመሪው ኋላ ሆነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

ዘርፌ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች። መኪናና ሹፌር በሯ ላይ ሲጨቃጨቁ ማየት ለእሷ ብርቅ አይደለም። ባሕሩ ወደ ዳናክል ገብቶ፣ ከአፋፉ ላይ ዳርቻ የተባለችው ከተማ ከተቆረቆረች ወዲህ የሚሠራ አገር አቋራጭ መኪና ሁሉ ስለ ጤንነቱ የሚናገረው ራሱ ነው። በብረቱ ውስጥ ከሽንብራ ፍሬ የማይበልጡ ጆሮዎች ተቀብረዋል፤ ውስጠ ሰሚ ይሏቸዋል። የላላ ብሎን ወይም የደረቀ ግራሶ ካለ ከሰው ቀድመው ይሰሙታል። ስለዚህ መኪናው «ደህና ነኝ» ካለ አብዛኛው መካኒክ «እሰይ» ብሎ ይሸኘዋል። ዘርፌ ግን ሰውንም መኪናንም በቃሉ ብቻ የምታምን ሴት አይደለችም።

«ያው አክስሏ ነው?» አለች።

«ያው ነው። ጥቁሩን ቁልቁለት ስንጀምር ትጮኻለች። መጀመሪያ ወፈር ይላል፣ እየወረድን ስንሄድ ይቀጥናል። ኩሽኔታ ነው ብዬሻለሁ።»

አክስል ጎማና ጎማን የሚያያይዘው ዘንግ ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ ዘንጉን አቅፎ የሚያሽከረክረው ቀለበት። ኩሽኔታ ሲበላ ይጮኻል፤ ጮኾ ጮኾ ይሰበራል። ጥቁሩ ቁልቁለት ከከተማዋ እስከ ጨው ማምረቻው የሚወርድ የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ እዚያ ላይ የተሰበረ መኪና ገደል ነው የሚገባው።

ጋሽ ድንቁ መኪናቸውን ሲከሱ ይህ ሦስተኛቸው ነው። ዘርፌን ያስጨነቃትም ይኸው ነበር። በመንገድ ማዕከሉ ደንብ፣ ምክንያቱ ሳይገኝ ሦስት ጊዜ የተከሰሰ መኪና ወደ ማቅለጫ ይላካል። ደንቡ በክፋት የወጣ አይደለም፤ ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ እያሰማ ከነተሳፋሪው የጠፋ መኪና ስለ ነበረ ነው። የሆነ ሆኖ፣ ዛሬ ጩኸቱ ካልተገኘ ሸጊት ትቀልጣለች።

«ምናለ ዝም ቢሉ፣ ጋሽ ድንቁ?» አለች ዘርፌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያቀልጧታል እኮ።»

ሽማግሌው መሪውን ዳበስ አደረጉት። በሙቀቱ ዘመን ልባቸውን አስቀይረው ከተረፉት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ እኩዮቻቸው ግን አንድ በአንድ አልቀዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሸጊት ሌላ የሚያወጉት ሰው፣ ሰው ከተባለች፣ የላቸውም።

«የጨው ሠራተኞቹን ከነልጆቻቸው ነው የምጭነው» አሉ። «እያወቅሁ ዝም ልበል? ይልቅ አግኚልኝና አድኛት፣ ልጄ።»

ዘርፌ ሸጊትን በክሪክ አነሣችና ጎማዎቿን በየተራ አሽከረከረች። ዝም። የካቻቪቴውን ጫፍ ከብረቱ፣ እጀታውን ከጆሮዋ አስጠግታ አዳመጠች፤ የቀድሞ መካኒኮች እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፣ አሁን ይሳቅበታል። ከዘይቱ መንሸራተት በቀር የተሰማት ነገር የለም። አራቱንም ኩሽኔታ አውርዳ አጥባ አየቻቸው። አንድም ጭረት አልነበረባቸውም።

«ነግሬያችሁ ነበር» አለች ሸጊት።

«ማንም አልጠየቀሽም» አሏት ጋሽ ድንቁ።

ወደ መንገዱ ወጡ። ጋሽ ድንቁ ይነዳሉ፣ ዘርፌ ከጎናቸው ናት። የቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርሱ፣ እውነትም፣ ጀመረ። የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ የሚመስል ድምፅ ከወንበሩ ሥር መጣና መንገዱ ይበልጥ ባዘቀዘቀ ቁጥር እየቀጠነ ሄደ። ዘርፌ ደስ አላት። የሚሰማ ነገር ይጠገናል።

«ከፊት በኩል ነው» አለች። «ይመለሱ፤ ብቻዬን ልሞክራት።»

በጋሽ ድንቁ ቦታ ሌላ ክብደት እንዲኖር አንድ ከረጢት አሸዋ ጭና ያንኑ ቁልቁለት ራሷ ነዳችው። ሸጊት እንደ ጥላ ጸጥ ብላ ወረደች፣ ጸጥ ብላ ወጣች። ዘርፌ ደስታዋ ጠፋ።

«እኔን ስታይ ነው የምታለቅሰው» ብለው ቀለዱ ጋሽ ድንቁ። ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ የለም። ደክሟቸዋል።

«አንዴ ብቻ እንሞክር። እኔ ልንዳ፤ እርስዎ የኋላ ወንበር ላይ ሆነው የኋላውን አክስል ያዳምጡልኝ።»

ወረዱ። የቁልቁለቱ አፍ ላይ ጩኸቱ ተነሣ፤ ከዘርፌ ጀርባ።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ድንቁ እንደ ልጅ እየተደሰቱ። «የኋላው ነው! አገኘነው! አልቀለጥሽም፣ ሸጊት!»

ዘርፌ ፍሬን ያዘች። ጩኸት ከፊት አክስል ወደ ኋላ አክስል አይሻገርም። የተሻገሩት ጋሽ ድንቁ ናቸው።

ወርዳ የኋላውን በር ከፈተች። «ሸሚዝዎን ይክፈቱልኝ» አለች።

«ምን ሆነሻል?»

«እባክዎ።»

ካቻቪቴውን ደረታቸው ላይ አሳርፋ እጀታውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። የሙቀቱ ዘመን ልብ ሽክርክር ልብ ይባላል፤ እንደ ተፈጥሮው ልብ አይመታም፣ እየተሽከረከረ ነው ደሙን የሚገፋው። መሐሉ ላይ ትንሽ ዘንግ አለች፤ ዘንጓን ያቀፈች ኩሽኔታ አለች። ሰው ሲደነግጥ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል፤ ሲረጋጋ ይዘገያል። ዘርፌ በልጅነቷ ጋራዥ ከገባች ጀምሮ የምታውቀውን የተበላ ቀለበት ድምፅ እዚያ ሰማችው። መኪናዋ ቆማለች፤ ድምፁ ግን ቀስ እያለ እየወፈረ ነበር።

«ጋሽ ድንቁ» አለች ሳትነሣ፣ «ቁልቁለቱን ይፈሩታል እንዴ?»

«ማን? እኔ?» ሊስቁ ሞከሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የነዱበት መንገድ ነው። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። «ሁልጊዜ» አሉ።

ካቻቪቴውን ሰጠቻቸው። ራሳቸው አዳመጡ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ማታ ማታ ቤቴም ይሰማኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የሷ ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ነው ስል! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።» ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ቀረ።

ዘርፌ ንዴቷን የምትወጣበት ስታጣ ወደ መኪናዋ ዞረች። «ሸጊት፣ ይህን ድምፅ ትሰሚው ነበር?»

«አዎን። ካለፈው ክረምት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«የምጠየቀው ስለ ራሴ ነው። የእኔ እንዳልሆነ ሳውቅ ተውኩት።»

ዘርፌ ልትሳደብ ከፍታ የነበረውን አፏን ዘጋች። ይህ መልስ ከመኪና የመጣ ሳይሆን ለመኪና የተሰጠ ነው። ጎረቤቱ ግድግዳ ማዶ ሲያቃስት «የኔ ቤት አይደለም» ብሎ የሚገላበጥ ሰው ነው ውስጠ ሰሚን የሠራው፤ ከዚህ የተሻለ ጆሮ ከየት ያምጣላት?

የመንገድ ማዕከሉን ጠራች። ያገኘችው ወጣት ትሑት ነበር፤ ትሕትናው ነው ያናደዳት።

«መኪናዋ ነጻ ናት» አለ። «ሹፌሩ ግን ከዛሬ ጀምሮ መሪ አይይዙም።»

«የልባቸው ኩሽኔታስ?»

«የመኪናዋ ቢሆን ሦስት መጋዘን ሙሉ አለን፣ እህቴ። የሰውየውን የሚሠራው ፋብሪካ ግን ተዘግቷል። ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ስለ ቀሩ አያዋጣም ተባለ።»

«ብረት መቅረጫ ቶርኖ አለኝ። ልኩን ስጠኝና እኔ ላውጣው።»

«ብታወጪውስ፣ ፋብሪካው ያላጸደቀውን ዕቃ ማን ሐኪም ደረት ከፍቶ ያስገባልሻል?» ከዚያ፣ «አዝናለሁ» አለ። ያዘነ ይመስል ነበር።

ጋሽ ድንቁ ሁሉንም ሰምተዋል። ሸሚዛቸውን ቆለፉ። «እሷ ተረፈች አይደል?» አሉ። «ለዚህ ነው የመጣነው።»

ቤታቸው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከጨው ማምረቻው አጠገብ ነው። ዘርፌ ብቻቸውን ልትለቃቸው አልሆነላትም። እሷ ከኋላ ተቀመጠች፤ እሳቸው፣ የሹፌሩን ወንበር ባዶ ትተው፣ ከጎኑ ባለው የተሳፋሪ ወንበር። ሸጊት ያለ ሹፌርም ራሷን መንዳት ትችላለች፤ መሪው ሰው ሳይነካው ዞረ። ከታች ባሕሩ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ጉም ከጨው ክምሩ ላይ ይነሣል። ዘርፌ እኚህን ሽማግሌ እንደ አባቷ እንደምትወዳቸው እስከዚያች ሰዓት ድረስ አታውቅም ነበር።

መንገዱ አዘቀዘቀ። ጩኸቱ ተነሣ። አሁን የማን እንደ ሆነ ሦስቱም ያውቃሉ።

«ዘርፌ» አሉ ጋሽ ድንቁ ወደ ፊት እያዩ፣ «አንቺ ስንቱን ኩሽኔታ አይተሻል። እንዲህ መጮህ ከጀመረ ምን ያህል ይሄዳል?»

ሹፌሮች ይህን ሲጠይቋት ዋሽታቸው አታውቅም፤ የምትከበረውም በዚህ ነው። «ብዙ ይሄዳል» አለች። «ቀስ ተብሎ ከተነዳ፣ ዓመታት።»

«ይህ ትክክል አይደለም» አለች ሸጊት። «ድምፁ እዚህ ከደረሰ...»

«ዝም በይ!» ዘርፌ ጮኸችባት።

«ተያት፤ አትቆጪያት» አሉ ጋሽ ድንቁ። ጩኸቱ ቀጥኖ ቀጥኖ ጆሮ የሚወጋ ሆኗል። እጃቸውን እንደ ልማዳቸው ወደ መሪ ዘርግተው አጡትና ጉልበታቸው ላይ መለሱት። «ሸጊት፣ እዚህ ጋ ስንደርስ ልጆቹ ሲያለቅሱ ምን ነበር የምላቸው?»

«‹ደርሰናል› ይሏቸው ነበር። ሁልጊዜ ግን ገና ነበር።»

«ገና መሆኑን እነሱም በመስኮት ያዩት ነበር። ግን ዝም ይሉ ነበር። ዛሬ ተሳፋሪው እኔ ነኝ።»

ሸጊት ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ከዚያም ከመራመድ ባልፈጠነ አካሄድ ከገደሉ ጠርዝ ራቅ ብላ ተራራውን ተጠግታ ወረደች። ዘርፌ እጇን ከኋላ ዘርግታ የሽማግሌውን ትከሻ ያዘች። ከመዳፏ ሥር የልብ ምት የለም፤ ንዝረት ብቻ።

«ደርሰናል፣ ጋሽ ድንቁ» አለች ሸጊት።

ጋሽ ድንቁ ራሳቸውን ነቀነቁና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያውን ኩርባ እንኳ ገና አላለፉም ነበር፤ ጩኸቱ ግን ረገበ።