የጋሼ ውሃ

ጠብታው ዛሬም አረንጓዴ ሆነ።

ድንቢጥ ከመስታወት ገንዳው ውሃ የቀዳችባትን ትንሿን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ መመርመሪያው ወረቀት ላይ ካሉት ቀለሞች ጋር አስተያየቻት። ቢጫ መሆን ነበረበት። ቢጫ ማለት ውሃው ደህና ነው ማለት ነው። አረንጓዴ ማለት ግን ውሃው ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል፣ ጋሼ በገዛ ቆሻሻው እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጠዋት ፈዘዝ ያለ ነበር፤ አሁን የቅጠል መልክ ይዟል።

ጋሼ አክሶሎትል ነው። እንደ እንሽላሊት አራት እግር ቢኖረውም ዕድሜውን ሁሉ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው። ከአንገቱ ግራና ቀኝ ላባ የሚመስሉ መተንፈሻዎች አሉት። አፉ ሲፈጠር ፈገግ ያለ ስለሆነ ታመመም ዳነም ይስቃል። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሰው ሲታዘብ ስለሚውል ቤተሰቡ «ጋሼ» አለው፤ ስለ እሱ ሲያወሩም በአንቱታ ነው።

«ጋሼ ሞቱ?» አለች እናቷ በሩ ላይ ቆማ።

«አልሞቱም።»

«ሊሞቱ ነው?»

«እማዬ!»

«ልቤን ላዘጋጀው ብዬ ነው እንጂ።» እናቷ ጠጋ አለችና አፍንጫዋን ያዘች። «እጅሽን ግን ታጥበሻል? የማይታወቅ በሽታ ይዞሽ ቤታችን እንዳያልቅ።»

ድንቢጥ ወደ ገንዳው ጎንበስ አለች። ዓይኗ ጋሼ ላይ ነበር። ላባዎቹ ሳስተው ወደ ፊት ተቆልምመዋል፤ ሆዱ ሥር ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ በግራ በኩል ደግሞ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር በቅሎበታል። እሷ ከአክስቷ ቤት ከተመለሰች ጀምሮ አንድም ትል አልቀመሰም።

አላመነታችም። ንጹሕ ሳፋ አምጥታ ውሃ ሞላች፤ የቧንቧውን ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ጨመረችበት፤ ጋሼ ቀዝቃዛ ስለሚወድ በረዶ የሆነ የውሃ ላስቲክ ከጎኑ አንሳፈፈች። ቴርሞሜትሩ ሲወርድላት ጋሼን በሁለት እጇ ከነውሃው አፍሳ አዛወረችው። ከዚያ ነው ለእንስሳት ሐኪሙ የደወለችው።

«ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገሻል» አላት ሐኪሙ። «ደህና የኖረ ውሃ ግን ዝም ብሎ አይበላሽም። ማጣሪያውን ክፈቺና ስፖንጁ ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።»

ከፈተችው። ወደ አክስቷ ስትሄድ ጥቁር ቡናማ የነበረው ስፖንጅ ከሱቅ እንደወጣ ነጭ ሆኗል።

«ሰው አጥቦታል» አለች ቀስ ብላ።

«በምን?»

አላወቀችም። እሷና እናቷ አክስቷ ቤት በሰነበቱበት ሳምንት የቤቱ ቁልፍ የነበረው ሽክ ዘንድ ነው። ሽክ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ሌላ ትምህርት ቤት ብትማርም ከልጅነት ጀምሮ አልተለያዩም። ድንቢጥ ስትመለስ ጠይቃት ነበር። «ምንም አልነካሁም፤ ትል ሰጠሁት፣ በቃ» ብላታለች።

«በምን እንደታጠበ ሳላውቅ ለዚያ ነጭ ነገር መድኃኒት አልሰጥሽም» አለ ሐኪሙ። «ኬሚካል ላይ ኬሚካል ከጨመርንበት እኛው እንገድለዋለን። ጠይቂና መልሰሽ ደውዪልኝ። ዛሬውኑ ታዲያ።»

ድንቢጥ የስፖንጁን ፎቶ አነሳችና ከሥሩ «ውሸታም!» ብላ ጻፈች። ለሽክ ልትልከው አውራ ጣቷን ካነሳች በኋላ ቆም አለች። ሽክን ታውቃታለች። ሲጮኹባት ድርቅ ትላለች፤ አንዴ «አልነካሁም» ካለች ሰማይ ቢወርድ «አልነካሁም» ነው። ጋሼ ደግሞ የሚፈልገው ጠብ አይደለም። ጽሑፉን አጠፋችና ጫማዋን አደረገች።

የሽክ እናት ፀጉር ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። ማድረቂያው ያጓራል፤ ሁለት ሴቶች በማድረቂያው ድምፅ ላይ እየተጯጯሁ ሰው ያማሉ። ሽክ እንደ ስሟ ልብሷ ተተኩሶ፣ ፀጉሯ ተለጥፎ፣ ጥግ ላይ ማበጠሪያ ታጥባለች።

«ውይ ድንቢጤ!» አለች የሽክ እናት። «ነይ እስኪ ይቺን ጎፈሬሽን አንድ ነገር ላድርጋት።»

«ሌላ ቀን፣ እትዬ። ሽክን ለአንድ አፍታ ፈልጌያት ነው።»

አጠገቧ ተቀመጠች። ሽክ ቀና ብላ አላየቻትም።

«እንዴት ናቸው ጋሼ?»

«ታመዋል። በጣም።» ድንቢጥ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሽክ፣ ልጣላሽ አልመጣሁም። ሐኪሙ ስልክ እየጠበቀ ነው። ስፖንጁን በምን አጠብሽው?»

«አልነካ...»

«በምን እንዳጠብሽው ካላወቀ መድኃኒት አይሰጠውም። የመጣሁት ለዚህ ብቻ ነው።»

ሽክ እጇን ከውሃው አወጣች። ጣቶቿ ተጨማደዋል። ማበጠሪያዎቹ የተነከሩበትን ሳህን በአገጯ አመለከተች፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

«በረኪና?»

«እንደነዚህ። አሳደርኩት። ግን አለቀለቅኩት፣ ብዙ ጊዜ አለቀለቅኩት፣ እማዬ ትሙት!» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አስጠሊታ ነበር እኮ። ስትመጪ ደስ እንዲልሽ ነው። በኋላ መብላት ሲያቆም... ፈራሁ።»

ድንቢጥ እዚያው ቁጭ ብላ ደወለች፤ ሽክም ጆሮዋን አስጠጋች።

«እሰይ፣ አሁን ይሻላል» አለ ሐኪሙ። «ስፖንጁን ጣሉት። ያ ቡናማ ነገር እኮ ቆሻሻ አልነበረም፤ ቆሻሻውን የሚበሉለት ባክቴሪያዎች ነበሩ። አዲሶቹ እስኪበዙ ከወር በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ሳፋው ውስጥ ይቆይ፤ ውሃው በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። አሁን ነይና መድኃኒቱን ውሰጂ።»

«ላባዎቹስ?»

«የዚህ ፍጥረት ነገር ግሩም ነው። ከተረፈ መልሶ ያበቅላቸዋል።»

ሽክ «ከተረፈ» የሚለውን ስትሰማ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ድንቢጥ አልተከተለቻትም። አልተቆጣቻትም፤ ግን «አይዞሽ» የሚለው ቃልም ከአፏ አልወጣ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነበር። ውሃ መቅዳት፣ ማቀዝቀዝ፣ መለካት፣ ጋሼን ማዛወር፣ ሳፋውን መድፋት። ወገቧ ተቆረጠ። እናቷ «ዛሬ አያድሩም» እያለች በየቀኑ ውሃ በላስቲክ ሞልታ ፍሪዝ ውስጥ ትከትላታለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንቢጥ ቁራጭ ትል በመቆንጠጫ አስጠግታ ስትጠብቅ ጋሼ ድንገት አፉን ከፍቶ ላፍ አደረገው።

«ጋሼ በሉ!» ብላ እናቷ ጮኸች፤ ወዲያው ግን «እንዳያንቃቸው ብቻ» አለች።

የፊዚክስ ፈተና ዋዜማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሽክ በራቸው ላይ ቆማ አገኘቻት። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች እንጃ፤ ደወሉን ግን አልነካችም።

«የእኛ ፈተና አልቋል» አለች ሽክ መሬት መሬት እያየች። «የዛሬውን ውሃ... ከፈለግሽ ልቀይርልሽ።»

የድንቢጥ እናት ከውስጥ ሰማች። «ኧረ በሞቴ እንዳትሰጫት! ዛሬ ደግሞ ሻምፑ ታደርግባቸዋለች!»

የሽክ ጆሮ ቀላ። አልሄደችም ግን።

ድንቢጥ አየቻት። የተተኮሰውን ቀሚሷን፣ ነጫጭ ካልሲዋን፣ ጣቶቿን የምታፍተለትልበትን ሁኔታ። ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈተችው።

«ጫማሽን አውልቂ። እጅሽን ታጠቢ፤ በውሃ ብቻ፣ ሳሙና እንዳትነኪ።»

ሽክ እጅጌዋን ሰብስባ ሳፋው አጠገብ ተንበረከከች። «ቆመሽ አታዪኝም?»

«ፈተና አለብኝ» አለች ድንቢጥ። ወንበሯን አዞረች፤ ጀርባዋን ለሳፋው ሰጥታ የፊዚክስ ደብተሯን ገለጠች።