ባዶዋ ፍሬ

በሰመራ የመሬት ሥር ከተማ የሊፍት መቆም ብርቅ አይደለም፤ ከላይ የአሸዋ ማዕበል ሲነሳ የፀሐይ ኃይሉ ይደክማል። ዶክተር ትርሲትና ታካሚዋ አቶ ሁመድ ከክሊኒኩ ሲወጡ በሁለት ፎቆች መሃል ቀሩ። የጥገና ክፍሉ "ታገሡ" ብሎ መስመሩን ዘጋ።

አቶ ሁመድ ዋሻ ቆፋሪ ሳሉ ቋጥኝ ወገባቸውን መትቷቸው ለዓመታት ቀና ብለው አልሄዱም። አሁን ግን አከርካሪያቸው ላይ "ፍሬ" ተቀብራላቸዋለች፤ የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣ ሕመምን አንጎል ሳይደርስ የምታፍን መሣሪያ። ገና በሙከራ ላይ ናት፤ ሙከራውን የምትመራው ትርሲት ነች።

አየሩ እየታፈነ ሲሄድ ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

"ልጄ፣ ሕመሙ መጣብኝ። መብራት ሲጠፋ ፍሬዋም ትጠፋለች እንዴ?"

"የራሷ ኃይል አላት። እስቲ ልያት።"

የመመርመሪያውን ዘንግ ወገባቸው ላይ አስጠጋች። ዘንጉ ምንም አላገኘም። ደግማ ሞከረች። የደከመች ብትሆን እንኳ ምልክት ያገኝባት ነበር፤ ፍሬዋ ከመጀመሪያውም ባዶ፣ ቅርፊት ብቻ ነበረች። እኚህ ሰው ግን ባለፈው ወር በልጅ ልጃቸው ሠርግ ጨፍረዋል።

ብትነግራቸው ሕመሙ እንደ ድሮው ሊሰፍርባቸው ነው። ብትዋሻቸው ከእንግዲህ ዓይናቸውን ማየት አትችልም። ሊፍቱ የጠበበ መሰላት። መሸሻ የለም።

"ሁለቴ ለካሽ" አሉ አቶ ሁመድ። "ባዶዋ ናት?"

"አዎ።"

"ታዲያ የጨፈረው ማን ነው?"

ትርሲት አጠገባቸው ተቀመጠች። "ገና ሙከራው ውስጥ ስትገቡ ነግረናችሁ ነበር፤ ለግማሾቹ ባዶ ነው የሚደርሳቸው፣ ለማን እንደሆነ እኛም አናውቅም ብለን።"

"ነግራችሁናል። እኔ ባዶው ለሌላ ሰው የደረሰ መስሎኝ።" ጥርሳቸውን ነከሱ። "ለምን አስፈለገ?"

"ሰው በተስፋ ብቻም ይሻለዋል፤ የሚያየው፣ የሚጠይቀው ሲያገኝ። ያንን ካልለየን የመሣሪያዋን ሥራ አናውቅም። ስለዚህ ባዶ የደረሳችሁ ያገኛችሁትን እፎይታ፣ እውነተኛዋ ፍሬ ከደረሳቸው እፎይታ ላይ እንቀንሳለን።"

ትርሲት እጇን ወገባቸው ላይ አሳርፋ ሳታነሳ ቆየች። ቀስ በቀስ ትንፋሻቸው ረገበ፤ ሕመሙ አልሄደም፣ ግን ላላ።

ሊፍቱ ሲከፈት አቶ ሁመድ የቀረበላቸውን ቃሬዛ እምቢ ብለው በትርሲት ትከሻ ተደግፈው ወጡ። በሩ ላይ ቆም አሉ።

"ያ የምትቀንሱት" አሉ፣ "ከቀነሳችሁት በኋላ የት ትጥሉታላችሁ?"

ትርሲት አሥር ዓመት በየሙከራው ስትቀንስ ኖራለች። ይህን ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።