ዓሣ አጣቢው

ወጣቱ ምላጩን ውኃ ውስጥ ነከረና አጋድሞ ይዞ ከታች ወደ ላይ ገፋው። የዓሣ ገንዳው መስታወት ላይ የተጋገረው አረንጓዴ አልጌ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተላጠ። በጠራው በኩል የልጅቷ ዓይን ታየው። ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ ሆና፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ፣ እሱን ታያለች።

ሁለቱም ዞር አሉ።

የጥርስ ክሊኒኩ የአባቷ ነው። ወጣቱ በመጠባበቂያው ክፍል ያለውን የዓሣ ገንዳ በወር አንዴ ሊያጸዳ ነበር የተቀጠረው። አሁን በየሳምንቱ ይጠራል። ነርሷ ስም አውጥታለታለች። «ዓሣ አጣቢው መጣልሽ፤ ፀጉርሽን አስተካክይ» ትላታለች።

እሱ ግን ግራ ገብቶታል። ውኃውን ቀይሯል፤ የዓሦቹን ምግብ አስቀንሷል፤ መስኮቱን በመጋረጃ አስጋርዷል። አልጌው እልኸኛ ነው፤ ተፍቆ ሳይውል ሳያድር ይመለሳል።

ምላጭ የማዕዘኑን ማጣበቂያ ስለሚቆርጥ፣ ልጅቷ አዲስ የጥርስ ብሩሽ ይዛለት መጣች።

«እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም» አላት። «የገንዳውን መብራት ማታ ታጠፊዋለሽ አይደል?»

«እ... አዎ» አለች፤ ብሩሹን ሳትለቅ። እሱም ሊወስደው አልቸኮለም።

የሕክምናው ክፍል በር ተከፈተ። ዶክተሩ የአፍ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ብቅ አሉ። ገንዳውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ሁለት እጅ የያዘውን ብሩሽ አዩ።

«ስማ አንተ» አሉ። «ሆን ብለህ ነው እንዴ? ግማሹን ትተህ ትሄዳለህ፣ ይበቅላል፣ ተመልሰህ ትመጣለህ። ጥሩ ዘዴ ነው! በል ዕቃህን ሰብስብ። በዚህ ሰፈር ገንዳ ላለው ሁሉ ጉድህን እነግርልሃለሁ።»

የወጣቱ ፊት ተለዋወጠ። የሚኖረው በዚሁ ሥራ ነው።

«ዶክተር፣ እኔ ሰው አታልዬ አላውቅም። ብሄድም ጨርሼ ነው የምሄደው።»

«ውጣ ስልህ!»

«መብራቱን የማላጠፋው እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

ጉንጯ አብጦ ተራ የምትጠብቅ ታካሚ ጉንጯን መያዟን ረሳች።

«ምን አልሽ?»

«ሌሊቱን ሙሉ እንዲበራ ትቼው ነው የምሄደው። ብርሃን ካገኘ አልጌው ቶሎ ይበቅላል። ከበቀለ እሱ ይመጣል።» እስከ ጆሮዋ ቀልታለች፤ ዓይኗን ግን ከአባቷ ላይ አልነቀለችም። «አታላይ ከፈለግህ እኔ አለሁልህ። የእሱን ስም ግን አታጠፋም፣ አባዬ።»

«ለዓሣ አጣቢ ብለሽ?»

«አንተስ ቀኑን ሙሉ ስትፍቅ አይደል የምትውለው?»

ታካሚዋ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው «ወይኔ ጥርሴን!» አለች።

ዶክተሩ ጭምብላቸውን ወደ አፋቸው መለሱ። «ቤት እንነጋገራለን።»

«እንነጋገር። መልሴ ግን ቤት ስንገባም ይኸው ነው።»

ታካሚዋን በእጃቸው ጠርተው ገቡ። በሩ ጮኾ ተዘጋ። «ውጣ» ያሉትን ግን አልደገሙትም።

ወጣቱ ክንዱ እስከ ክርኑ እንደራሰ ቆሟል።

«ስንት ባልዲ ውኃ አሸከምሽኝ» አላት። «ወገቤ ሊቆረጥ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጥራህ?»

«ና ብለሽ።»

ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ጎኑ ቆመችና ክንዷን ውኃው ውስጥ ከተተች። ትከሻቸው ተነካካ፤ ማንም አልሸሸም። ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ ብላ «ምነው፣ ዓሣ አጣቢዎቹ ሁለት ሆኑሳ!» አለች። ልጅቷ ዞር ሳትል ማዕዘኑን በብሩሹ ፈገፈገችው። አልጌው እንቢ አለ፤ እሷም እንቢ አለች። የመጨረሻዋ አረንጓዴ ክር ስትለቅ፣ ብሩሹን አለቅልቃ ፎጣው ላይ አስቀመጠችው።